ለደረቀ ዓይን ምን እንግዛ? የጠብታ፣ የጄል፣ የሙቅ ፎጣና የመነጽር ንጽጽር

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ውሎ ማምሻውን ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረው፣ የሚያቃጥለው ወይም ያለ ምክንያት እንባ የሚያፈሰው ሰው ፋርማሲ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የዓይን ጠብታ» ብሎ ብቻ ነው። በዚህ ስም የሚሸጡት ፈሳሾች ግን ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ለመምረጥ የድርቀቱን ምንጭ ማወቅ ይጠቅማል። የዓይንን ፊት የሚሸፍነው እንባ ውሃ ብቻ ሳይሆን፣ በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ካሉ ዕጢዎች የሚወጣና ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚከላከል ስስ ቅባትም አለበት። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ቁጥሩ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ያም ብዙ ጊዜ ቆቡ ሳይገጥም በግማሽ የሚቀር ነው። ቅባቱ የሚወጣውና የሚዘረጋው ቆብ ከቆብ ሲገጥም በመሆኑ፣ በስክሪን ምክንያት የሚመጣው ድርቀት በአብዛኛው የእንባ ማነስ ሳይሆን የእንባ መትነን ነው። በበጋ የአዲስ አበባ ደረቅ አየርና አቧራ፣ በዓረብ አገሮች ደግሞ ቀንና ሌሊት የማይጠፋው ኤሲ ይህንኑ ያባብሳሉ።

በመጀመሪያ መለየት ያለባቸው ቅላት የሚያጠፋ ጠብታና ሰው ሠራሽ እንባ ናቸው። ቴትራሃይድሮዞሊን ወይም ናፋዞሊን የሚል የተጻፈበት ጠብታ የደም ሥሮችን አጥብቦ ዓይንን በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ያደርጋል፤ ድርቀቱን ግን አያክምም፣ ሲደጋገምም ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አይመስለኝም። ሰው ሠራሽ እንባ የሚባሉት በማሸጊያቸው ላይ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ሃይፕሮሜሎስ ወይም ሶዲየም ሃያሉሮኔት የሚል አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ለሁሉም ሰው እንደሚበልጥ የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ ስለሌለ፣ ከስሙ ይልቅ ማቆያ ኬሚካል ያለበት መሆን አለመሆኑን ማየት ይሻላል።

በተራው ጠርሙስ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በተደጋጋሚ ሲነካው የዓይንን ገጽ ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ርካሹ ጠርሙስ ይበቃዋል፤ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ግን ማቆያ የሌለውን፣ በትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ የሚመጣውን መግዛት አለበት። ብልቃጡ ዋጋው ከፍ ይላል፣ አንዴ ከተከፈተም ለነገ ተብሎ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ፣ ማቆያ ሳይኖረው በትልቅ ጠርሙስ የተሸጠ ሰው ሠራሽ እንባ በባክቴሪያ ተበክሎ ሰዎች የዓይን ብርሃናቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የትኛውም ይገዛ፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣ ጊዜው ያላለፈና አምራቹ የሚታወቅ ሊሆን ይገባል፤ ሲጨመርም የጠርሙሱ አፍ ዓይንንም ሆነ ሽፋሽፍትን መንካት የለበትም።

ጄልና ቅባት ከፈሳሹ ይልቅ ዓይን ላይ ይቆያሉ፣ ነገር ግን እይታን ያደበዝዛሉ። ጄሉ ቀን ፈሳሹ ቶሎ ቶሎ ለሚያልቅበት ሰው፣ ቅባቱ ደግሞ ሲነጋ ዓይኑ ለሚጣበቅበት ሰው ከመኝታ በፊት ይስማማል። በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው የቴትራሳይክሊን ቅባት ግን ለትራኮማና ለመሳሰለው ኢንፌክሽን የሚታዘዝ ጸረ ባክቴሪያ እንጂ የድርቀት መድኃኒት አይደለም።

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለሙቅ ፎጣ ነው፤ ምክንያቱም በቆብ ዕጢዎች ውስጥ የረጋውን ቅባት የሚያቀልጥ ሙቀት እንጂ ጠብታ አይደለም። ንጹሕ ፎጣ ቆዳን በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ በተዘጋ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያም ቆቡ በጣት ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በቀስታ ይታሻል። ችግሩ ፎጣው ከሁለት ደቂቃ በኋላ መቀዝቀዙ ነው፣ ስለዚህ ደጋግሞ መንከር ይጠይቃል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው የዓይን ማስክ የሚበልጠው ሙቀቱን እኩል ይዞ በመቆየቱ ብቻ ነው፤ መነከሩ የሚያታክተው ሰው ቢገዛው ገንዘቡ አይባክንም።

ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ተብሎ ስለሚሸጠው መነጽር እንዲህ ማለት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ግምገማ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ መነጽሩ ኮምፒውተር የሚያመጣውን የዓይን ድካም ከተራ መነጽር የበለጠ እንደማይቀንስ፣ ቢያንስ በአጭር ጊዜ፣ አመልክቷል። የኦሜጋ 3 እንክብልም እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ድሪም በተባለው ትልቅ ጥናት ለአንድ ዓመት ተወስዶ ከወይራ ዘይት እንክብል የተለየ ውጤት አላሳየም። ስክሪኑን ከዓይን ደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ የኤሲውን ወይም የመኪናውን ንፋስ ከፊት ማዞር፣ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለን ነገር ማየትና ቆብን ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ማርገብገብ ግን ምንም አያስከፍሉም።

ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ በማግስቱ ስለሚያሽል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙት አሉ፤ ሲቆይ ግላኮማ (በዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር የሚያመጣው የዓይን ነርቭ ጉዳት) እና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ስለሚችል ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። ዓይኑን በኃይል የሚያመው፣ ብርሃን ዓይኑን የሚያስቸግረው ወይም እይታው የቀነሰበት ሰውም ጠብታ ከመምረጡ በፊት ለዓይን ሐኪም መታየት አለበት።