ከኤድመንተን ፎርት ማክመሪ በአውቶብስ፦ ለመስኮቱ 5 ኮከብ፣ ለሂተሩ 1

ባለፈው የካቲት የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ካናዳ አልበርታ ውስጥ ከኤድመንተን በስተሰሜን ወዳለችው የነዳጅ ከተማ ፎርት ማክመሪ ሄጄ ነበር፣ "መኪና ከሌለህ እንዴት ነው የሚኬደው" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ግሬይሃውንድ የሚባለው የአውቶብስ ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ከምዕራብ ካናዳ ጠቅልሎ ከወጣ ወዲህ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ የሄድኩበትን ድርጅት ስም አልጠራም፣ ሾፌሩ ጥሩ ሰው ስለነበር እንጀራውን አልነካበትም።

መጀመሪያ ክፉውን። አውቶብሱ 40 ደቂቃ ዘገየ፣ ቴክስት የለ ምን የለ፣ በ-31 ውጭ ቆመን እንደ ዶሮ እግር እያቀያየርን ጠበቅነው። ሂተሩ ከፊት የተቀመጡትን ያስልባል፣ እኛ ከኋላ ያለነው ግን ጃኬት እንደለበስን ነው የደረስነው። መስኮቱ ደግሞ ከውስጥ በኩል በረዶ ሠርቶ በባንክ ካርዴ እየፋቅኩ ነው ውጭ ያየሁት። ቻርጀር መሰኪያው ለጌጥ ነው።

ግን እኮ የሚታየው ነገር! መጀመሪያ እርሻ ነው፣ ሜዳ፣ ቀስ እያለ ጫካው እየጠበበ ይመጣል። ቦይል አካባቢ ግንድ የጫኑ መኪኖች በዙ፣ እዛ አስፐን የሚባለውን ዛፍ ለወረቀት የሚያዘጋጅ ትልቅ ፋብሪካ አለ። ዋንደሪንግ ሪቨር ቆመን ቡና ጠጣን (ቡና ካላችሁት)፣ ከዛ በኋላ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ጫካ፣ ጫካ፣ አሁንም ጫካ፣ ኔትወርክም የለም።

ከጎኔ አንድ ጋሼ ነበሩ፣ የነዳጅ ሠራተኞች የሚያድሩበት ካምፕ ውስጥ ወጥ ቤት ነው የሚሠሩት፣ 14 ቀን ገብተው 7 ቀን ይወጣሉ። አውቶብሱ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ እንደሳቸው ነው፣ ገና ሳንነሳ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። እኔ የከተማ ልጅ "ጋሼ፣ ዛፉ ችግኝ ነው እንዴ ቀጭን የሆነው?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ምን ችግኝ፣ ያቺ የእጅህን አንጓ የምታክለው ከአባትህ ትበልጣለች" አሉኝ። ብላክ ስፕሩስ ነው ስሙ፣ የቆመው ረግረግ ላይ ነው፣ መስኬግ ይሉታል፣ ቀዝቃዛና አፈሩ ምግብ የሌለው ስለሆነ 100 ዓመት ኖሮም አይወፍርም።

የገረመኝ ይሄ ነው፣ እኔ ብርድ ሥራ የሚያቆም ይመስለኝ ነበር። ለካ በጋ ላይ ከባድ ማሽን መስኬጉ ውስጥ ከገባ ይሰምጣል፣ ስለዚህ መሬቱ በብርድ ረግቶ ድንጋይ ሲሆን ነው ብዙው ቁፋሮም እንጨት ቆረጣም የሚጧጧፈው። ከፎርት ማክመሪ በስተሰሜን ያለችው ፎርት ቺፐዋያንማ በመኪና የሚደረስባት በክረምት ብቻ ነው፣ በረዶ ላይ በሚሠራ መንገድ፣ በጋ ላይ ጀልባ ወይ አውሮፕላን ነው። መንገዳችን ላይም አንዴ ቤት የሚያክል የማሽን አካል የጫነ መኪና ፊታችን ገብቶ ስንት ሰዓት እንደተንፏቀቅን። የሚሄደው ወደ ዘይት አሸዋው ነው፣ ማለትም ድፍድፍ ነዳጅ ከተቀላቀለበት አሸዋ ነዳጅ ወደሚወጣበት ቦታ፣ አንድ በርሜል ለማውጣት ወደ 2 ቶን አሸዋ ይቆፈራል፣ ፋብሪካ ተብሎ በወጉ የተጀመረው ደግሞ በፈረንጆቹ 1967 ነው።

ከተማው ሊደርስ ሲል ዛፉ ተቀየረ። ጥቁር ክብሪት የመሰለ ቆሞ የቀረ ግንድ፣ ሥሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ለጋ አስፐን። በፈረንጆቹ 2016 የተነሳው የሰደድ እሳት ነው፣ ከ80,000 በላይ ሰው ነው ከተማውን ለቆ የወጣው፣ 2,400 ገደማ ቤትና ሕንፃ ተቃጥሏል። ወደ ደቡብ የሚያወጣው ያው እኛ የመጣንበት 63 ቁጥር መንገድ ብቻ ነው። ጋሼ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ፣ ብዙ ሰው ወደ ሰሜን ወደ ካምፖቹ ነበር የሸሸው። "ሕፃን ያቀፉ እናቶች ፒጃማ እንደለበሱ መጡብን፣ እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ሾርባ ስናወጣ አደርን" ብለው ዝም አሉ፣ እኔም መስኮቴን መፋቅ ቀጠልኩ።

ድጋሚ እሄድበታለሁ ወይ? እሄዳለሁ፣ በመስከረም ግን፣ አስፐኑ ቢጫ ሲሆን። በክረምት የምትሄዱ ከፊት ወንበር ያዙ፣ ምግብ ቋጥሩ፣ ስልካችሁን ቤት ሞልታችሁ ውጡ፣ ለመስኮቱ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ካርድ ያዙ፣ የኔ ጥርሱ ረግፎ ኤቲኤም አልቀበል አለው።