ለኮምፖስት ትሎች የትኛው ማርቢያ ይሻላል፦ ፕላስቲክ፣ እንጨት ወይስ ብሎኬት?

ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ባሉ ግቢዎች የጓሮ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች የወጥ ቤት ተረፈ ምርትን በልቶ ወደ ማዳበሪያ የሚቀይረውን ቀይ የኮምፖስት ትል ለማርባት ሲነሱ አስቀድመው የሚጠይቁት የማርቢያውን ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ማርቢያው የሚቀመጥበት ቦታና ከወጥ ቤቱ በየቀኑ የሚወጣው ተረፈ ምርት መጠን ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው አይዜኒያ ፌቲዳ የተባለው ትል ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ደኅና ይበላል፣ ይራባልም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ይደነዝዛል፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ደግሞ ይሞታል። በአዲስ አበባ ዳርቻ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንዲሁም የመጋቢት ቀትር ሁለቱንም ጫፎች ስለሚያቀራርቡ፣ ማርቢያዎቹን የሚለያያቸው ዋናው ነገር ሙቀትና እርጥበት አያያዛቸው ነው።

ተደራራቢው የፕላስቲክ ሳጥን ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ እርጥበትም ይይዛል። ትሎቹ አዲስ ምግብ ወደተጨመረበት የላይኛው መደብ ስለሚወጡ የታችኛውን ብስል ኮምፖስት ማንሳት አያስቸግርም፤ በዚህ ረገድ የሚወዳደረው የለም። ድክመቱ አየር እንደ ልብ አለማስገባቱና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በፀሐይ ላይ ሲቀመጥ በፍጥነት መጋሉ ነው፤ ሌሊትም እንዲሁ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሻጮች ከሥሩ ያለውን ቧንቧ እንደ ትልቅ ጥቅም ያቀርቡታል፤ ነገር ግን በየዕለቱ ፈሳሽ የሚወርድ ከሆነ ሳጥኑ ከልክ በላይ መራሱን እንጂ ሥራው መሳካቱን አያሳይም። ጥላ ያለው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላለው ሰው ግን ተገቢው ምርጫ ይህ ነው።

ግቢ ላለው አብዛኛው ቤተሰብ የእንጨት ሳጥን የተሻለ ይመስለኛል። ጣውላው አየር ያስገባል፣ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል፣ የሰፈር አናጺም በተፈለገው ልክ ይሠራዋል። ትሎቹ ከላይኛው ንብርብር ስለማይርቁ ጥልቀቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል፤ መጨመር ያለበት ስፋቱ ነው። 60 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን በግማሽ ኪሎ ትል ሊጀምር ይችላል። ሆኖም እንጨት በበጋ ቶሎ ስለሚደርቅ በረጠበ ጆንያ መሸፈን፣ ከምስጥና ከጉንዳን ለመጠበቅም እግሮቹን ውኃ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ ማቆም ያስፈልጋል። በእኛ አገር ለምስጥ መከላከያ ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ጣውላ የተለመደ ነውና ገዢው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለው ጣውላ ለትል አይሆንም። ሽታው ገና ያልለቀቀ እርጥብ ጽድም አይመከርም።

የብሎኬት ገንዳ የሚያዋጣው ከብት ላለው ወይም ከጎረቤት በየጊዜው እበት ለሚያገኝ ሰው ብቻ ነው። ሙቀቱ ከሁሉም ይልቅ የተረጋጋ ነው፣ ብዙ ይይዛል፣ ረጅም ጊዜም ያገለግላል፤ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ግን የማይነቀል ወጪ ነው። ወለሉ ተዳፋትና የውኃ መውጫ ከሌለው፣ ከላዩም ጣሪያ ካልተሠራለት፣ የሐምሌ ዝናብ ትሎቹን ያጥለቀልቃል። አዲስ ሲሚንቶ ትሎቹን ስለሚጎዳ ገንዳው ተደጋግሞ በውኃ መታጠብ አለበት። ትኩስ እበት እየፈላ ስለሚሞቅ ጥቂት ሳምንታት ተከምሮ ሳይበርድ አይጨመርም፤ በቅርቡ የሆድ ትል መድኃኒት ከወሰደ ከብት የተገኘ እበትም መራቅ አለበት፣ መድኃኒቱ የማርቢያውን ትሎችም ሊገድል ይችላልና።

የትኛውም ማርቢያ ቢመረጥ የምግቡ ሥርዓት አንድ ነው። ትሎቹ የሚኖሩበት መኝታ የረጠበ የጤፍ ጭድ፣ የተቀደደ ካርቶን ወይም ደረቅ የኮባ ቅጠል ሊሆን ይችላል፤ እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ የሚወጣው ያህል ይሁን። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ዘንግ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይስማማሉ። በምቹ ሁኔታ ትሎች በቀን የክብደታቸውን ግማሽ ያህል ይበላሉ፤ ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ትል ለገዛ ሰው በቀን ሩብ ኪሎ ጣሪያው ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። ወጥ የነካው እንጀራ በጨው፣ በዘይትና በበርበሬ ምክንያት አይገባም። ትልቁ ችግር ሽንኩርት ነው፤ የቤታችን ቆሻሻ ዋና ክፍል እሱ ሆኖ ሳለ ትሎቹ ይሸሹታል፣ ስለዚህ ከሎሚና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ወደ ተራው የኮምፖስት ጉድጓድ ይሂድ። በበዓል ሰሞን ለትሎቹ የሚሆነው ድርሻ የሚያንሰውና በጾም የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። ገዢው የማርቢያውን ስፋት ሲወስን በጾም ወራት የሚወጣውን መጠን ይዞ ቢያሰላ አይሳሳትም።

ትሉ ራሱ ሲገዛ ከማሳ የተቆፈረ የመሬት ትል አለመሆኑ ይረጋገጥ፤ ያኛው አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር በመሆኑ በሳጥን አይሰነብትም። የኮምፖስት ትል ቀላ ያለ ነው፣ በሰውነቱ ላይ ቢጫ ቀለበቶች ይታዩበታል፣ ብርሃን ሲነካውም ይሸሻል። በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ክብደቱ የትሉ ብቻ ወይስ ከነመኝታው እንደሆነ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። መኝታው ደግሞ ትሎቹ ከመምጣታቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ረጥቦ ይዘጋጅ፤ በተለይ በሱሉልታ በኩል ለሚኖሩ፣ ትሎቹ ብርዱ ሳይበረታ እንዲላመዱ በጥቅምት መጀመሪያ መግዛት ይመረጣል።