ባለ ሁለት ፍሪሲዮኗ መኪናዬ፦ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መጨናነቅ ግን አትችልም

መኪናዋን ከያዝኳት ዓመት አልፏል። ስለ መቀመጫዋና ስለ ስፒከሯ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደህና ናቸው። የኔ ጣጣ ካምቢዮዋ፣ ማርሽ የሚቀያየርበት ክፍል ነው።

መንገድ ተጨናንቆ የኤሊ ጉዞ ሲጀመር ትንቀጠቀጣለች። ፍሬን ለቀቅ ሳደርግ መጀመሪያ ታመነታለች፣ ከዚያ ዘለል ብላ ትነሳለች። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትቀይር መንቀጥቀጡ መሪው ድረስ ይሰማኛል። ዳገት ላይ ሲሆንማ አይነሳ! አንዴ እንዲያውም ካምቢዮው ጋለ የሚል ማስጠንቀቂያ አብርታ ዳር አስይዛኛለች።

ሻጩ ምን ነበር ያለኝ? «እንደ ማንኛውም አውቶማቲክ ናት፣ ነዳጅ ብቻ ትቆጥባለች።» ኧረ ጌታው! የተለመደው አውቶማቲክ ከሞተሩ ቀጥሎ ቶርክ ኮንቨርተር አለው። ሲነሳ ጉልበቱ የሚተላለፈው በዘይት ስለሆነ መንቀጥቀጡን ዘይቱ ይውጠዋል። የኔዋ ይሄ የላትም። ውስጧ ማኑዋል ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረግጠውና ማርሽ የሚያስገባው ኮምፒውተር መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኙትና የሚያላቅቁት ፍሪሲዮኖች ሁለት ናቸው። አንዱ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ማርሽን ይይዛል፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛን። በ3ኛ እየሄድኩ ፍጥነት ስጨምር 4ኛ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። ከዚያ አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው እኩል ይይዛል። ጉልበት አይቋረጥም፤ ማርሹ መቀየሩን የማውቀው የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ብቻ ነው።

ቁጠባውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በዘይት መንሸራተት ሙቀት ሆኖ የሚባክን ጉልበት የለም፤ ማርሹም ብዙ ስለሆነ ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል። እርግጥ የዛሬዎቹ አውቶማቲኮችም ኮንቨርተሩን ቆልፈው ዘይቱ ሳይንሸራተት ስለሚሄዱ ልዩነቱ እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። ይሄንንም ሻጭ አይነግራችሁም።

ዋናውን ነገርማ ጭራሽ አላነሳውም፤ የኔዋ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው። እርጥቡ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ሙቀት ይችላል፤ በምላሹ ዘይቱ ትንሽ ጉልበት ይበላል፣ በጊዜው መቀየርም አለበት። ደረቁ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ቮልስዋገን በ2003 (እ.ኤ.አ.) ጎልፍ አር 32 በሚባል መኪናው ላይ ያወጣው ባለ 6 ማርሹ እርጥብ ነበር፤ ባለ 7 ማርሹ ደረቅ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የመጣው ጉልበታቸው አነስ ላሉ ሞተሮች ነው። ደረቁ ለነዳጅ ይበልጥ ይመቻል። ግን በኤሊ ጉዞ ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ እንደያዘ ስለሚቆይ ይግላል፣ ቶሎ ያልቃል።

«ሶፍትዌር ሲጫንላት ይስተካከላል» ብለውኝ ነበር። ተጫነላት፤ ትንሽ ተሻላት። ቀሪው «ባህሪዋ ነው» ተባለ። ባህሪዋ ከሆነ ስገዛ ለምን አልተነገረኝም?

አሁን መላውን ይዤዋለሁ። ከፊቴ ያለው መኪና ራቅ እስኪል ቆሜ እጠብቅና አንዴ እነሳለሁ። ዳገት ላይ ነዳጅ እየረገጥኩ አላቆማትም፤ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጌ ስይዝ ፍሪሲዮኑ ለቆ ያርፋል። ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ይንፋ።

ልሽጣት? አልሸጣትም። ይሄን የምጽፈው ረጅም መንገድ ነድቼ በገባሁበት ማታ ስለሆነ ይሆናል፤ ክፍት መንገድ ላይ የሚደርስባት የለም፣ ነዳጁም ቶሎ አይወርድም። ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ ታገኙ ነበር። ለመግዛት ካሰባችሁ ደረቅ ነው እርጥብ ብላችሁ ጠይቁ። ስትሞክሩም ሻጩ በመረጠላችሁ ባዶ አስፋልት ሳይሆን በደንብ ከሞቀች በኋላ፣ ዳገት ላይ፣ መንገድ ሲጨናነቅ ሞክሯት።