ባዮግላስ ወይስ ቲሲፒ፦ ለአጥንት መሙያ የሚወጣው ገንዘብ የት ቢውል ይሻላል?

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የሚደውሉልኝ የጥርስ ሐኪሞች ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥርስ ተነቅሎ የቀረውን ጉድጓድ ወይም በድድ በሽታ የተበላውን አጥንት ለመሙላት ባዮአክቲቭ ግላስ (ባጭሩ ባዮግላስ፣ ከአጥንት ጋር የሚያያዝ መስታወት) ይሻላል ወይስ ሴራሚክ? መልሴን ላስቀድም። ለታካሚው ኪስ ለሚያስብ፣ ደሴን በመሰለ ከተማ ለሚሠራና በዚያው ቦታ ላይ ኋላ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ለመትከል ለሚያቅድ ሐኪም ቀዳዳማው ሴራሚክ ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት፣ ባጭሩ ቲሲፒ፣ ይበልጣል። ባዮግላስ የሚያሸንፍባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ናቸው።

በዋጋ ረገድ ግራ መጋባት የሚመጣው ብልቃጥን ከብልቃጥ ጋር በማስተያየት ነው። አንዱ አስመጪ በግራም፣ ሌላው በሲሲ ይሸጣል፤ እኛ የምንሞላው ጉድጓድ ስለሆነ ግን ሒሳቡ መሠራት ያለበት በሲሲ ነው። የድፍን ባዮግላስ እፍጋት በሲሲ 2.7 ግራም ገደማ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀር ክፍት ቦታ ነው ብንል አንድ ሲሲ ለመሙላት 1.35 ግራም ይፈጃል። ቲሲፒ በተፈጥሮው ይከብዳል፤ በሲሲ 3.07 ግራም ነው፤ ሆኖም በቅንጣቶቹ መካከል ካለው ክፍት ቦታ ሌላ የቅንጣቱ የራሱ 60 በመቶ ቀዳዳ ከሆነ ያንኑ አንድ ሲሲ 0.6 ግራም ገደማ ይሞላዋል። ስለዚህ በግራም እኩል ዋጋ የተጠራላቸው ሁለት ብልቃጦች ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ባዮግላሱ ከቲሲፒው ከእጥፍ በላይ ያስወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁለቱም ስለተወደዱ ይህ ልዩነት ታካሚው ሕክምናውን ይጀምር ወይም «እስቲ ልምከርበት» ብሎ ይሂድ የሚወስን ሆኗል። ትልቁ ብልቃጥ በሲሲ ሲሰላ ይረክሳል፤ ነገር ግን አንዴ የተከፈተ ብልቃጥ ለሌላ ታካሚ አይውልም፣ በእንፋሎት ማምከኛው በአውቶክሌቭም መልሶ አይታደስም፤ ስለሆነም ትርፉን መጣል ለሚያንገበግበው ሰው ትንሹን መግዛት እውነተኛው ቁጠባ ነው።

አሠራራቸው የተለያየ ነው። ባዮግላስ እ.ኤ.አ. በ1969 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በላሪ ሄንች የተገኘ ሲሆን በክብደት 45 በመቶ ሲሊካ፣ 24.5 በመቶ የሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5 በመቶ የካልሲየም ኦክሳይድ፣ 6 በመቶ ደግሞ የፎስፈረስ ኦክሳይድ ነው። የሰውነት ፈሳሽ ሲነካው ሶዲየሙ ይወጣል፣ ላዩ ላይ የሲሊካ ጄል ይፈጠራል፣ በዚያ ላይ ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰል ሽፋን ይጋገርና አጥንቱ ከእርሱ ጋር ይያያዛል። በደም ሲለወስ ስለሚጣበቅ ለእጅ ይመቻል፤ ይህን አልክድም። ቲሲፒ ግን ቀስ በቀስ እየሟሟ ቦታውን ለአዲስ አጥንት ይለቃል፤ ይህም በአብዛኛው ከ6 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለው ሌላው ሴራሚክ ለዓመታት ሳይሟሟ ስለሚቆይና በራጅ ላይ እንደነጣ ስለሚኖር ኢምፕላንት ለሚተከልበት ጉድጓድ ብቻውን አልገዛውም።

ከሁሉ በላይ ያስመረረኝ የአስመሳይ ዕቃ ጉዳይ ነው። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስመጣው የባዮግላስ ብልቃጥ ሲደርሰው ቅንጣቶቹ ከሥር እንደ እርጥብ ጨው ተጋግረው ነበር፤ ሻጩ በስልክ «መታ መታ ሲያደርጉት ይላቀቃል» አለው። የመለያ ወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሩ ሲያነሳው ከሥሩ ሌላ ወረቀት ወጣ፤ በዚያኛው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ጊዜ አልፏል። ሶዲየም የበዛበት መስታወት እርጥበት ያለው አየር ካገኘው ገጹ ይበላሻል፤ የደሴን የክረምት ጉም የሚያውቅ ሰው ክዳኑ የላላ ብልቃጥ ምን እንደሚገጥመው አይጠፋውም። ቲሲፒ በዚህ ረገድ ብዙም አያሰጋም።

ለጥርጣሬ ሁለት ርካሽ መፈተኛዎች አሉ። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ ደረቅ ባዮግላስ ዲስቲልድ ውኃ ውስጥ ቢጨመርና ቀይ የሊትመስ ወረቀት ቢነከርበት ወደ ሰማያዊ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ባዮግላስ አይደለም፤ ቢለወጥም የተፈጨ የመስኮት መስታወት ሊሆን ስለሚችል ማረጋገጫ አይሆንም። ቲሲፒ ተብሎ የተሸጠው ደግሞ ኮምጣጤ ሲነካው አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት። ከዚህ የሚያልፈውን የሚመልሰው ሰነድ ብቻ ነው። ቲሲፒ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጅግ አልፎ ከተተኮሰ በፍጥነት ወደሚሟሟው የአልፋ ዓይነት ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ የደረጃ አውጪው ድርጅት የኤኤስቲኤም መስፈርት፣ ማለትም ለቲሲፒ ኤፍ1088፣ ለባዮግላስ ኤፍ1538፣ የተጠቀሰበትን የጥራት ሰነድ፣ በላዩም ከብልቃጡ ጋር የሚገጥም የምርት ቁጥር ያለበትን ጠይቁ፤ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡንም አጣሩ። ሰነዱን «ነገ እልካለሁ» የሚል ሻጭ ገንዘቡንም ነገ ይውሰድ።

ባዮግላስ ገንዘቡ የሚገባው ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን ተጠርጎ በቀረ ጉድጓድ ላይ ነው። በፊንላንድ ቱርኩ የተሠራው ኤስ53ፒ4 የተባለው ዓይነት የአካባቢውን አልካላይነትና የጨው ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግዛል፤ ቲሲፒ ይህ ጠባይ የለውም። ወጌሻ ጋ ቆይተው መግል እየፈሰሰ ወደ ሆስፒታል ለሚመጡ ሰዎች ነገሩ ትልቅ ትርጉም አለው። የተሰበረ እግርን ማቆም ግን የሁለቱም ሥራ አይደለም፤ ሁለቱም ተሰባሪ ስለሆኑ ክብደቱን የሚሸከመው ስብራቱን ለመያዝ የሚገባው ብረት ነው።

በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አጥብቆ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «ይህ ከምን እንስሳ የተሠራ ነው?» ሁለቱም ከማዕድን የሚሠሩ ስለሆኑ ከከብት አጥንት ከተዘጋጀው መሙያ ይልቅ መልሱ ይቀላል። መሙያው ላይ የሚሸፈነው የኮላጅን ሜምብሬን (ከእንስሳ ፕሮቲን የሚሠራ ስስ ሽፋን) ግን ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ መሙያውን ከሜምብሬን ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ በቅናሽ የሚያቀርብ አስመጪ ሲገጥማችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሜምብሬኑን ምንጭ በጽሑፍ ያስታውቃችሁ።