ማኪታ 4350ኤፍሲቲ ጂግሶ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከሠራሁበት በኋላ

ጂግሶ፣ ማለትም ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ የእጅ ኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። እኔ ግን ዋትን በመጨረሻ አያለሁ። የቤት ዕቃ በምንሠራበት ወርክሾፕ ከእጄ የማይለየው ማኪታ 4350ኤፍሲቲ ኃይሉ 720 ዋት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር በካርቶናቸው ላይ የተጻፈባቸው ርካሽ መሣሪያዎች በየሱቁ ሞልተዋል። የጂግሶ ጥራት የሚለየው ምላጩ ከእንጨቱ በላይም በታችም አንድ መስመር ይዞ በመሄዱ ነው።

ለማረጋገጥ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የዋንዛ ጣውላ ላይ የወንበር መደገፊያ ቅስት ይቁረጡና ጠርዙን በስኳድራ (በ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ይፈትሹ። ደካማ መሣሪያ ከላይ የእርሳሱን መስመር በትክክል ተከትሎ ከታች ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሸሽቶ ይገኛል፤ በስኳድራውና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ያልፋል። ያንን ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ ቆረጣው ከወሰደው ይበልጣል፤ ወንበሮቹም አንዱ ከሌላው ሳይመሳሰሉ ይቀራሉ። በዚህ ማሽን ግን ሳይገፉት፣ በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ ከለቀቁት ስኳድራው ጠርዙ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ምላጩን ከጀርባ የሚደግፈው ሮለርና ምላጩን የሚይዘው ዘንግ አይወላገዱም። ፋብሪካው እስከ 135 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ይቆርጣል ይላል። ይቆርጣልም፤ ሆኖም ያን ያህል ወፍራም እንጨት ላይ የማንኛውም ጂግሶ ረጅም ምላጭ ይታጠፋልና እኔ ለባንድሶ (ምላጩ እንደ ቀበቶ ለሚዞረው ቋሚ መጋዝ) እተወዋለሁ።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ800 እስከ 2800 ምት ይስተካከላል፤ ሲነሣም እጅን ሳይነጥቅ ቀስ ብሎ ነው። ምላጩን ወደፊት የሚያወዛውዘው ማንሻ ከዜሮ እስከ ሦስት ደረጃ አለው። ሦስት ላይ ባህር ዛፍና ጥድ በፍጥነት ይቆረጣሉ፤ ጠርዙ ግን ሻካራ ይሆናል። ለኮምፔንሳቶና ለፎርማይካ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ አድርጌ ነው የምሠራው።

ስለ ምላጭ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ባለሙያ ጥሩ ማሽን ገዝቶ ሥራውን የሚያበላሸው በርካሽ ምላጭ ነው። ጂግሶ እ.ኤ.አ. በ1946 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተፈጠረው፣ አልበርት ካውፍማን የተባለ መሐንዲስ የልብስ ስፌት መኪና መርፌን በመጋዝ ምላጭ በመተካቱ ነው። የተለመደው ምላጭ እስከ ዛሬ ወደ ላይ ሲመጣ ነው የሚቆርጠው፤ ስለዚህም የላይኛውን ገጽ ይፈነቅላል። በካቢኔ ላይ የሲንክ ቀዳዳ ስንከፍት ፎርማይካው የሚቦጨቀው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ጥርሱ ወደ ታች የዞረው ቲ101ቢአር የተባለው ምላጭ ነው፤ ማሽኑን ወደ ላይ ስለሚያነሣ በሁለት እጅ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ለንጹሕ ቀጥታ ቆረጣ ቲ101ቢ፣ ለጠባብ ቅስት ቲ101ኤኦ፣ ለወፍራም ጣውላ ቲ144ዲ አይጠፉኝም። ምላጭ መቀየር ቁልፍ ስለማይፈልግ በሥራ መካከል ለመለወጥ አልሰንፍም፤ ይህ ከኃይሉ ይልቅ ሥራዬን አፍጥኖታል።

ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ክብደቱ ንዝረቱን ስለሚውጥ ጥቅም ነው፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ለሚቆርጥ ግን ያደክማል። የታችኛውን ሶል ለማዘንበልም የአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ያስፈልጋል፤ ዘወትር ማዕዘን ለሚቆርጥ ሰው ይህ ሊታሰብበት ይገባል። የኤም ዲ ኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ብናኝ ማሽኑ በሚነፋው አየር ከመስመሩ ላይ ይጠረጋል፤ ለሳንባ ግን ማስክ የግድ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። የታወቁ ስሞች በሐሰት ተለጥፈው ስለሚሸጡ ሱቁ ውስጥ ምላጭ አስገብተው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ ሮለሩ ላይ ከተንገዋለለ ይተዉት። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣው ደግሞ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል።

እንጨቱን በሞርሳ አስረው ማሽኑን ከሥር ወደ ላይ እየቆረጡ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ሳይሆን እጀታ አልባውን፣ አካሉን ራሱን የሚጨብጡበትን 4351ኤፍሲቲ ይምረጡ። ሞተሩ ያው ሆኖ እጅ ወደ ምላጩ ስለሚቀርብ ቅስትን መከተል ይቀላል።