ሁለት ዲስክ ለአንድ ሊኑክስ፦ ኤምዲአድም፣ ቢቲአርኤፍኤስ ወይስ ዜድኤፍኤስ?

ሬይድ 1 የሚሠራው አንዱ ዲስክ ሲሞት ኮምፒውተሩ በሌላው እንዲነሳ ነው። አንዱን መረጃ በሁለት ዲስክ ላይ እኩል መጻፉን ሦስቱም ሶፍትዌሮች ያውቁበታል፦ ኤምዲአድም የሊኑክስ የሬይድ መሣሪያ ነው፤ ቢቲአርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ ሬይድን በውስጣቸው የያዙ ፋይል ሲስተሞች (ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያደራጁ ሥርዓቶች) ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው በሁለት ቦታ ነው፦ አንድ ዲስክ ጎድሎ ማብሪያው ሲጫን፣ እንዲሁም ዲስኩ ሳይሞት ድምፁን አጥፍቶ የተበላሸ መረጃ ሲመልስ። ለቤት ኮምፒውተር ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የፍጥነት ልዩነቱ ለዕለት ሥራ ያን ያህል አያሳስብም።

ሦስቱም የማይሸፍኑት ቀዳዳ

የማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ከሦስቱ አንዱንም አያውቅም። እሱ የሚያነበው በፋት32 የተዘጋጀውን የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ለማስነሻ የተለየ የዲስክ ክፍል) ብቻ ነው። ብዙ ሰው መረጃውን በጥንቃቄ ሬይድ ካደረገ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ የሚለው እዚህ ላይ ነው፦ ቡትሎደሩ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያለው በሞተው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የቱንም ቢመርጡ በሁለቱም ዲስኮች ላይ 512 ሜጋባይት፣ ከርነሉም (የሊኑክስ እምብርት) እዚያው የሚቀመጥ ከሆነ 1 ጊጋባይት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ያዘጋጁና ግራብን (የተለመደውን ቡትሎደር) በሁለቱም ላይ ይጫኑ። ከኡቡንቱ 20.04 ወዲህ የግራብ ኢኤፍአይ ፓኬጅ እንደገና ሲዋቀር ከአንድ በላይ ፓርቲሽን ያስመርጣል፤ በየማሻሻያውም ሁለቱንም ራሱ ያድሳል። ይህ በሌለበት ስርጭት ሁለተኛውን በስክሪፕት መቅዳት የእርስዎ ሥራ ነው። ለሁለተኛው ዲስክ በኢኤፍአይ ቡት ማናጀር የራሱን መግቢያ ያስመዝግቡ። ፈርምዌሩ መዝገቡን ቢረሳ እንኳ እንዲያገኘው ቡትሎደሩን በነባሪው የቡት አቃፊ ውስጥም ያስቀምጡ።

ሁለቱን የኢኤፍአይ ፓርቲሽኖች በኤምዲአድም ሜታዳታ 1.0 (ስለ ሬይዱ በዲስኩ ላይ የሚጻፍ መግለጫ) ሬይድ የሚያደርጉም አሉ። የ1.0 ሜታዳታ የሚቀመጠው ከፓርቲሽኑ መጨረሻ ስለሆነ ፈርምዌሩ ተራ ፋት32 ያየ ይመስለዋል፤ ይሠራልም። ችግሩ ፈርምዌሩ ራሱ በአንደኛው ላይ አንድ ነገር ከጻፈ ሁለቱ ሳይታወቅ መለያየታቸው ነው። ሁለት የተለያዩ ፓርቲሽኖች ይሻላሉ።

በኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚከፈቱ ፓርቲሽኖች ዝርዝር) ውስጥ ለኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ «ኖፌይል» የሚለውን አማራጭ መጨመርም አይርሱ። ካልተጨመረ ያ ዲስክ ሲጠፋ ሥርዓቱ ተነስቶ ሳያበቃ ወደ አደጋ ጊዜ ሞድ ይገባል። አሮጌ ባዮስና ጂፒቲ የተባለው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ላላቸው ደግሞ በየዲስኩ 1 ሜጋባይት የባዮስ ቡት ፓርቲሽን፣ ከዚያም ግራብን በሁለቱም ዲስኮች ላይ መጫን ይበቃል።

ኤምዲአድም

ዲስክ ጎድሎ መነሳትን በተመለከተ የሚስተካከለው የለም። ኢኒትራምኤፍኤሱ (ዋናው ዲስክ ከመከፈቱ በፊት የሚሠራው ትንሽ የማስነሻ ሥርዓት) የጎደለውን ዲስክ ጥቂት ይጠብቅና በቀረው ይቀጥላል፤ ኪቦርድ ላይ የሚቀመጥ ሰው አያስፈልገውም። ከላዩ ኤክስት4 የተባለው ፋይል ሲስተም ይቀመጣል፤ ግራብም በነባሪው 1.2 ሜታዳታ የተሠራውን ሬይድ ያነባል። ስዋፕንም (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን የዲስክ ቦታ) እዚሁ ላይ ያድርጉ፤ ስዋፑ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ ያ ዲስክ ሲሞት የሚሠሩት ፕሮግራሞች አብረው ይወድቃሉ።

ድክመቱ ከሁለቱ ቅጂዎች የትኛው ትክክል እንደሆነ አለማወቁ ነው። ቼክሰም (መረጃው አለመለወጡን የሚያሳይ የማረጋገጫ ቁጥር) የለውም። በየወሩ የሚደረገው ፍተሻ ልዩነት መኖሩን ይቆጥራል፤ እንዲጠግን ሲታዘዝ ግን መጀመሪያ ያነበበውን ቅጂ በሌላው ላይ ይገለብጣል፤ የተበላሸው ያ ቢሆንም። ሌላው ድክመት ባዶውንም ቦታ መቅዳቱ ነው፦ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ በአማካይ 150 ሜጋባይት ቢቀዳ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

አዲስ ዲስክ ሲተከል የሚያሳስተው የፓርቲሽን ሠንጠረዡን መቅዳት ነው። በኤስጂዲስክ (የፓርቲሽን መሣሪያ) ሲቀዳ መድረሻው ከአማራጩ ቀጥሎ ይጻፋል፤ ምንጩ መጨረሻ ላይ ነው። ካገላበጡት ባዶው ሠንጠረዥ ሙሉውን ያጠፋዋል። ከተቀዳ በኋላ ለአዲሱ ዲስክ አዲስ መለያ ቁጥሮች ያውጡለት። በመጨረሻም ሬይዱን በኤምዲአድም ማዋቀሪያ ፋይል አስመዝግበው ኢኒትራምኤፍኤሱን ያድሱ፤ ካልሆነ ስሙ ሳይታሰብ ኤምዲ127 ሆኖ ይመጣል።

ቢቲአርኤፍኤስ

ትልቁ ጥቅሙ እንደገና መጫን ሳያስፈልግ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ ወደ ሬይድ 1 መቀየሩ ነው፦ ሁለተኛውን ፓርቲሽን መጨመር፣ ከዚያ ዳታውንም ሜታዳታውንም ወደ ሬይድ 1 ባላንስ ማድረግ (እንደገና አደላድሎ መጻፍ)። ሜታዳታውን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ያኔ ፋይሎቹ በሁለቱም ዲስክ እያሉ የፋይል ሲስተሙ ካርታ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል። በመጠን የማይመሳሰሉ ዲስኮች ላሉትም ይህ ተመራጭ ነው፤ 4፣ 2 እና 2 ቴራባይት ዲስኮች አንድ ላይ 4 ቴራባይት ይሰጣሉ። ቼክሰም ስላለው በስክራብ (ሙሉ ፍተሻ) ጊዜ የተበላሸውን ለይቶ ከጤነኛው ቅጂ ይጠግናል።

ሲነሳ ግን እልኸኛ ነው። አንድ ዲስክ ከጎደለ «ዲግሬድድ» (ጎደሎ) የሚል አማራጭ ካልተሰጠው አይከፈትም፤ በግራብ መስመር ላይ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። ሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶች አስነሺ) ባለበት ኢኒትራምኤፍኤስ ይህ ተጽፎም ሁሉም ዲስክ እስኪገኝ ሊጠብቅ ይችላል። አማራጩን ለዘለቄታው በኤፍኤስታብ ውስጥ ማስቀመጥ መፍትሔ ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ዲስክ ዘግይቶ በታየ ቁጥር ሥርዓቱ በአንዱ ብቻ እየጻፈ ሁለቱ ይለያያሉ። አዲስ ዲስክ ከተተካ በኋላም በጉድለቱ ጊዜ በአንድ ቅጂ የተጻፈውን ወደ ሬይድ 1 የሚመልስ ባላንስ ያስፈልጋል። በሁለት ዲስክ ሬይድ 1 ላይ የስዋፕ ፋይል አይሠራም። ዲስክ ሲታመም በኢሜይል የሚያስጠነቅቅ የራሱ ጠባቂም የለውም፤ የስህተት ቆጠራውን በየቀኑ የሚያይ ስክሪፕት ያዘጋጁለት። ኤምዲአድም የኢሜይል አድራሻ ብቻ ይፈልጋል፤ ዜድኤፍኤስም ዜድ የሚባል ጠባቂ አለው።

ዜድኤፍኤስ

የመረጃ ደኅንነቱ ከሦስቱ ይበልጣል፤ ዲስክ ጎድሎም ያለ ክርክር ይነሳል፤ ሲተካም የሚቀዳው የተያዘው ቦታ ብቻ ነው። ዋጋው ጥገና ነው። በፈቃዱ ምክንያት ከሊኑክስ ከርነል ጋር አብሮ አይመጣም፤ ኡቡንቱ ሞጁሉን (ከከርነሉ ጋር የሚያያዘውን ክፍል) አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ በብዙ ሌሎች ስርጭቶች ግን ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሉ አብሮ መገንባት አለበት። ካልተገነባ ሩት (ዋናው) ፋይል ሲስተሙ አይከፈትም፤ ስለዚህ አሮጌውን ከርነል ፈጽሞ አያጥፉ። ግራብ የሚረዳው ጥቂት ባሕርዮቹን ብቻ ስለሆነ ለቡት የተለየ ትንሽ ፑል (የዜድኤፍኤስ የዲስክ ቦታዎች ስብስብ) ይሠራለታል። ያንን ፑል «አሻሽል» የሚል መልእክት አይቶ ማሻሻል ኮምፒውተሩን እንዳይነሳ ያደርጋል። ፑሉ ሲፈጠር አሺፍትን (የዲስኩን ሴክተር መጠን የሚወስነውን ቅንብር) 12 ያድርጉት፤ በኋላ አይቀየርም። ለመሸጎጫ ብዙ ራም ስለሚወስድ ራሙ ጥቂት ከሆነ ጣሪያ ያብጁለት።

እንግዲህ ማንም ሳይነካው መነሳት ላለበት ኮምፒውተር ኤምዲአድም ይምረጡ። የማይተኩ ፎቶዎችና ሰነዶች ካሉና ከርነል ሲታደስ የሚከታተል ሰው ካለ ዜድኤፍኤስ። ቢቲአርኤፍኤስ የሚመቸው የተጫነውን ሳያፈርስ ወደ ሬይድ 1 ለሚሻገርና ስክሪኑ ፊት መቀመጥ ለሚችል ነው። የተሰረዘ ፋይል ግን በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይሰረዛልና የተለየ ባክአፕ በሦስቱም ያስፈልጋል።

ዲስክ ሲገዛ

ኤስኤምአር የሚባሉትን ይተዉ፤ ረጅም ጽሑፍ ሲበዛባቸው እጅግ ይዘገያሉ፣ ዲስክ ሲተካ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ዲስኩ የስህተት ማገገሚያ ጊዜ ገደብ እንዲቀበል ይመልከቱ። ከርነሉ በነባሪ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ተራ ዲስክ መጥፎ ቦታ ለማንበብ ከዚያ በላይ ሊታገል ይችላል፤ ያኔ ሊተርፍ የሚችል ዲስክ ከሬይዱ ይባረራል። የሚቀበል ከሆነ በስማርትሲቲኤል (የዲስክ መቆጣጠሪያ መሣሪያ) 7 ሰከንድ ያድርጉት፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለሚረሳው በየመነሻው መደገም አለበት። የማይቀበል ከሆነ የከርነሉን ጥበቃ ወደ 180 ሰከንድ ያሳድጉ። ከፓርቲሽኑ በኋላ 100 ሜጋባይት ያህል ባዶ መተው ደግሞ «እኩል» የተባለው ተተኪ ዲስክ በጥቂት ሲያንስ ያድናል።

ሙከራው

ኮምፒውተሩን አጥፍተው የአንደኛውን ዲስክ ገመድ ይንቀሉና ያስነሱ። ተነስቶ ከሆነ ያጥፉት፣ ዲስኩን ይመልሱ፣ ወደ ሬይዱ ያስገቡት፣ ማመሳሰሉ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ሁለተኛውን የሚነቅሉት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ሳያመሳስሉ በየተራ ለየብቻ ካስነሷቸው ሁለቱም «አዲሱ እኔ ነኝ» የሚሉ የተለያዩ ቅጂዎች ይሆናሉ፤ በተለይ ቢቲአርኤፍኤስ ላይ እነዚህን መልሶ ማገናኘት የፋይል ሲስተሙን ያበላሻል።