ቤት ድረስ የሚመጣ የፍየል ሐኪም (ባህር ዳር)፦ ከአምስት አራት

ዘንዘልማ አካባቢ ጥቂት የሳነን (የውጭ የወተት ፍየል ዝርያ ነው) ድቅል ፍየሎች አሉኝ፣ ከገበያ የተገዛች አንዲት ፍየል ከተቀላቀለቻቸው በኋላ ዓይናር፣ ንፍጥ፣ ተቅማጥ ምናምን ጀመራቸው። መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ብትናገሩ መልሱ ያው የታወቀ ነው፣ "ኦክሲ ውጊያቸው" ነው፣ አንቲባዮቲክ መርፌ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ቤት ድረስ የሚመጣ የግል ሐኪም ጠራሁ፣ ስሙን እዚህ አልጠራም ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ።

የወደድኩለት ነገር እንደመጣ ወዲያው መርፌ አለማውጣቱ ነው። መጀመሪያ የሁሉንም ትኩሳት ለካ፣ ከንፈራቸውን ገልብጦ ድዳቸውን አሳየኝ፣ ፉርሽካ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ከዛ ናሙና ሲወስድ ሊሞቱ የደረሱትን ትቶ ገና ትኩሳት የጀመራቸውን መረጠ፣ ለምን ስለው ቫይረሱ በደንብ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው አለኝ። የዓይንና የአፍንጫ ናሙናውን በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ ከቶ እዚሁ ከተማ ወዳለው የክልሉ ላቦራቶሪ ወሰደው። ውጤቱ ፒፒአር፣ ማለትም ደስታ መሰል የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ የፍየልና የበግ በሽታ። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም፣ አንቲባዮቲክ የሰጣቸው ሳንባቸውን ደርቦ የሚያጠቃውን ባክቴሪያ ለመከላከል ብቻ ነው፣ ይሄን ቁርጥ አርጎ ስለነገረኝ ብሬን በከንቱ አልበተንኩም። "እህቴ፣ አዲስ የገዛሽውን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆይው" አለኝ፣ የታመሙትንም ከጤነኞቹ አስለየኝ።

ጉልበቷ ያበጠ ሌላ ፍየል ስላለችኝ በዛው አሳየሁት። ሲኤኢ የሚባለው የፍየል መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ቫይረስ ነው፣ መድኃኒትም ክትባትም የለውም፣ የሚለየውም በደም ምርመራ ነው አለኝ። ወደ ግልገሉ በብዛት የሚተላለፈው በእንገርና በወተት ስለሆነ ስትወልድ ግልገሉ ሳይጠባ ተለይቶ፣ እንገሩ በ56 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ሞቆ ይሰጠዋል፣ መፍላት የለበትም ይረጋል። ወረቀት ላይ ጽፎ ነው የሰጠኝ፣ ጽሁፉ ግን ኧረ የሐኪም ጽሁፍ ነው ልጄ ነው ያነበበልኝ!

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ሰዓት ስለማያከብር ነው፣ ጠዋት ብሎ ከሰዓት ይመጣል፣ ዋጋውንም አስቀድሞ አይናገርም መጨረሻ ላይ ነው ዱብ የሚያደርገው፣ እኔ ተከራክሬ ትንሽ አስቀንሻለሁ።

የፒፒአር ክትባቱን ግን በሱ በኩል ብታስከትቡ ይሻላል። አንዱ ሱቅ ክትባት ከለስላሳ ጋር ፍሪጅ በር ላይ ደርድሮ አይቻለሁ፣ መብራት እንደዛ እየጠፋ። ይሄ ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ውሃ ማለት ነው፣ በደንብ ከተያዘ ግን አንዴ ተወግተው ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠብቃቸዋል። ብልቃጡ የብዙ ፍየል ዶዝ ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ቶሎ ማለቅ አለበት ለነገ አይቆይም፣ ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ጎረቤት አሰባስቡ፣ የመምጫውንም ትካፈላላችሁ።